የሳይንስ ዜና ስታነቡላቸው ምን አሏችሁ?

የወፍጮ ቤቷ (መሐል ሜዳ)፦

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ጋ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰው ምን ይላል? ፌስቡክ ላይ ከዜናው ሥር የሚጻፈውን አይደለም የምለው። ያማ ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ «በውስጥ መስመር አናግሩኝ» ነው። እኔ የምፈልገው አጠገባችሁ ያለ ሰው፣ እናት በሉት ጎረቤት፣ ዜናውን እንደሰማ ሳያስብ የሚወረውራትን ነው።

ለምን መሰላችሁ? የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ሚዛን ላይ ነኝ። እመዝናለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ የማን ማዳበሪያ ከማን ማዳበሪያ ቀደመ የሚለውን ጠብ እገላግላለሁ። ወፍጮው እየሠራ ማንም ማንንም አይሰማም። ጨዋታው መብራት ሲሄድ ነው። አስፈጪ ገብሱን ጥሎ ወዴት ይሄዳል? ጋቢውን ይከናነብና ጆንያው ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ስልኬን አወጣና ዜና አነባለሁ። ፖለቲካ ያነበብኩ እንደሆነ ሰው ይኳረፋል። ኳስ ያነበብኩ እንደሆነ እናቶች ያዛጋሉ። የሳይንስ ዜናን ግን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ሰው አላየሁም።

ናሳ ዳርት የምትባለዋን መንኮራኩር ሆን ብሎ ከአስትሮይድ (ጠፈር ላይ ከሚዞር አለት) ጋር ያላተመ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? አስትሮይዷ ዲሞርፎስ ትባላለች፤ ወርዷ 160 ሜትር ገደማ ነው። ወደኛ የምትመጣ አይደለችም። አንድ ቀን የምር የሚመጣ ቢኖር ገፍቶ መንገድ ማሳት ይቻል እንደሆነ ለመሞከር ነው። መቼ ቢያላትሟት ጥሩ ነው? መስከረም 16 ለ17 አጥቢያ፣ 2015 ዓ.ም.፣ በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ከ14 ላይ። የደመራ ሌሊት!

ከበሩ ጥግ የሚቀመጡ፣ በርኖስ የማይለያቸው አንድ አባት አሉ። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም አፉን ከፍቷል። እሳቸው አፍንጫቸውን በበርኖሱ ጫፍ ጠረግ አደረጉና፣

«በየት በኩል ወደቀች?» አሉኝ።

«አባባ፣ አልወደቀችም። ተገፋች ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው፣ በዚያ ሌሊት፣ በየት በኩል እንደወደቀች ሳያዩ ገብተው ተኙ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ዜናው ላይ የለማ!

የላም ግሳት ግብር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኒውዚላንድ በፈረንጅ 2022 ላይ፣ ላምና በግ ሲያገሱ ሚቴን የሚባል ጋዝ ስለሚወጣና ምድርን ስለሚያሞቅ ገበሬው ይክፈልበት የሚል ሐሳብ አወጣች። በኋላ ተወችው። ዴንማርክ ግን አጽድቃዋለች፣ ከ2030 ጀምሮ ታስከፍላለች። ይህን ሳነብ የወፍጮ ቤቱ ፀጥታ አስፈራኝ። ግብር የሚለው ቃል ሲነሳ እንዲህ ነው። ከዚያ አንዲት እናት ቀስ ብለው፣

«ልጄ፣ ግሳቱን ማን ነው የሚቆጥረው? ሌሊት ሌሊትም ያድራል ማለት ነው?»

አንዱ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ «ላሟ ራሷ ደረሰኝ ትቆርጣለች» አለ። ሌላዋ «የላሟ እንዲህ ከተቀረጠ፣ የባቄላ ንፍሮ በልቶ የሚያድረው የእኔ ባል በምን ይመዘናል?» ብላ ሰውዬውን አሳቀቀችው። እዚያው ተቀምጧል እኮ! ስለ ግሳቱ የጠየቁት እናት ግን አልሳቁም። «ከብት ካላመሰኳ ታሞ ነው፤ ካላገሳ ተነፍቶ ይሞታል። እንግዲህ ጤነኛ ከብት ያለው ይከፍላል፣ የታመመበት ይማራል ማለት ነው?» አሉ። ይቺን ዴንማርክ ድረስ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ደግሞ ፀጉራሟን አይጥ አነበብኩ። ኮሎሳል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ በ2025 መጋቢት ላይ ይፋ ያደረገው። ማሞዝ የሚባለውን የጥንት ፀጉራም ዝሆን መልሰን እናመጣለን ይላሉ። ለሙከራ የአይጥ ዘረመል ነካክተው ረዥም፣ ወርቃማ ፀጉር ያላት አይጥ ወለዱ። ፎቶዋን ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩት። እንግዲህ መንዝ ናችሁ፣ በጉን ሸልቶ ፈትሎ ባና የሚሠራ ሰው መሐል ይህን ፎቶ ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ዘረመል አይደለም። «ለአንድ በርኖስ ስንት አይጥ ይሸለታል?» ነው። አንዷ ፈታይ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና «አጭር ነው፣ አይያዝም፣ ይበጣጠሳል» ብላ መለሰችልኝ። እንደ ገበያ ፀጉር ናቀችው።

ፈጪያችን ነው የበለጠ የተቆጣው። «እዚህ ያሉት አይጦች ራቁታቸውን ሆነው ዱቄቴን ጨረሱት። ካፖርት ደርበውማ ቢመጡ ክረምቱን እዚሁ ሊከርሙ ነው!»

እና ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እናንተ ጋስ ምን ተባለ? ሁለተኛ፣ ፊዚክስ የገባው ካለ፣ እውነት ዲሞርፎስ በየት በኩል ወደቀች? ባለበርኖሱ አባት ወፍጮ ቤት በመጡ ቁጥር ይጠይቁኛል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። የምራቸውን ነው።


የጣርማበሩ ሹፌር፦

እህቴ፣ አንቺስ ተቀምጠሽ ነው የምታነቢው። እኔ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ሽቅብ ስወጣ ሬዲዮ ዜናውን ሲያወራ ተሳፋሪው ነው የሚተነትነው።

አንድ ቀን አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዋይሞ የሚባል ሹፌር የሌለው ታክሲ ሰው እያመላለሰ ነው ተባለ። ያን ዕለት ጣርማበር ላይ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ፊት ለፊቴ ያለውን የአይሱዙ መብራት አላየውም። ጋቢና የተቀመጡ እናት ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተ አለህ አይደል?» አሉኝ። እንዳለሁ ነገርኳቸው።

ከኋላ ክርክሩ ጦፏል። ሹፌር ከሌለው ረዳትስ አለው ወይ ነው ጥያቄው። ረዳት የለውም ተባለ። «ታዲያ መልስ ማን ይሰጣል?» በካርድ ነው የሚከፈለው ተባለ። «ትርፍ ማን ይጭናል?» ትርፍ አይጭንም ተባለ። ከዚያ አንዱ ነጋዴ ዶሮውን እንዳቀፈ «እንግዲያውስ ሥራ ፈት መኪና ነው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

የኬንያውም አለ። በ2024 መጨረሻ ላይ አንድ መንደር ውስጥ ከሰማይ የብረት ቀለበት ዱብ አለ። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ የሮኬት ቁራጭ ነው አለ። ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ገደማ። እኛ መኪና ውስጥ ማንም «የማን ሮኬት ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ረዳቴ ገንዘብ መቁጠሩን ሳያቋርጥ «ቆራሌው በኪሎ ስንት ያዘው?» አለ። ሒሳቡን እዚያው ሠሩት። ከዚያ ያ ነጋዴ፣ ባለዶሮው፣ «ጣራ ላይ ቢወድቅስ? ቆርቆሮውን ማን ይተካል?» አለ። ይህኛውን ማንም አልመለሰለትም።


ቲቸር ዘደብረ ብርሃን፦

የወፍጮ ቤቷ፣ ለአባባ ንገሪያቸው፦ ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ መልስም አለው።

ዲሞርፎስ ብቻዋን አይደለችም። ዲዲሞስ የምትባል ትልቅ አስትሮይድ አለች፤ ዲሞርፎስ እሷን የምትዞር ጨረቃ ናት። ዳርት የመታቻት ከፊት ለፊቷ ነው፣ በምትሄድበት አቅጣጫ ተቃራኒ። በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች። ዲሞርፎስ ስትመታ ፍጥነቷ ቀነሰ። በምሕዋር ላይ ያለ ነገር ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደሚዞረው ነገር ጠጋ ይላል። ስለዚህ ወደቀች ካሉ፣ ወደ ዲዲሞስ በኩል ነው የወደቀችው። ጥቂት ጠጋ አለች። በፊት አንዴ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ 11 ሰዓት ከ23 ሆነ። 32 ደቂቃ ተላጨላት።

«ሳያዩ ተኙ» ያሉት ግን ትንሽ ይበዛባቸዋል። ሊቻኩብ የምትባል ትንሽ የጣሊያን ሳተላይት ከኋላ እየተከተለች አቧራው ሲቦንን ፎቶ አንስታለች። ለማንኛውም አውሮፓውያን ደግሞ ሄራ የምትባል መንኮራኩር በ2024 ጥቅምት መግቢያ ላይ ልከዋል። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሄዳ የተመታውን ቦታ ማየት። መድረሻዋ በ2026 መጨረሻ ተብሎ ታቅዷል። እሷም የተላከችው የአባባን ጥያቄ ይዛ ነው።

ስለ ሰማይ ዜና ካነሳን አይቀር፣ የኛ ከተማ ራሷ የአስተያየት ሰጪ ሥራ ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ይባላል። እሳቸውም ምልክት ነው አሉና ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን በፈረንጅ 1456 የታየው ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሌላው አገር ያንኑ ኮከብ አይቶ ፈርቷል። የኛዎቹ ከተማ ቆረቆሩ። ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ ይመለሳል፤ ቀጣዩ 2061 ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ያኔ ሌላ ከተማ ይሰጠናል ወይስ መሬት አልቋል?» አለኝ። አሥረኛ ክፍል ነው። ከወዲሁ ቦታ እየጠየቀ ነው።

ከቤት ደግሞ አክስቴን ልጨምር። ናሳ ሉሲ ብሎ የሰየማት መንኮራኩር አለች፣ ስሟ ከኛው ድንቅነሽ የመጣ። በ2023 ኅዳር መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ራሱ ድንቅነሽ ነው! ጠጋ ብለው ሲያዩ ድንቅነሽ ትንሽ ጨረቃ ይዛ ተገኘች። ሰላም ብለው ሰየሟት፣ በዲኪካዋ ሕፃን ቅሪተ አካል ስም። ይህን በደስታ ለአክስቴ ስነግር ቡናዋን እየቀዳች ነበር። የድንቅነሽን ዕድሜ ጠየቀችኝ። የሐዳሯን መስሎኝ 3.2 ሚሊዮን ዓመት አልኳት።

«በዚህ ዕድሜዋ ነው ሰላምን የወለደችው? ሣራ እንኳ በዘጠና ነው።»

ጀበናው እጇ ላይ ነበር። እንዳታስቀኝ ብላ አስቀመጠችው፤ የሳቀችው ግን ራሷ ናት።


ሳይንስ ለሁሉም (አዲስ አበባ)፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ነገር አያስቀኝም። ሌላው ዓለም ጠፈር ይመረምራል፣ እኛ «በየት በኩል ወደቀች» እያልን እንስቃለን። ገበሬውን ማስተማር ሲገባችሁ አለማወቁን ታጅቡለታላችሁ። የሚያሳዝን ነው።


የወፍጮ ቤቷ፦

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ወደ ዲዲሞስ በኩል» የምትለዋን ወረቀት ላይ ጻፍኳት።

ሳይንስ ለሁሉም፣ አንተ ደግሞ ረጋ በል። ወንድሜ፣ አለማወቅ ስትል ማንን ነው? እስቲ አንድ ዜና ልንገርህ።

እኛ አጠገብ ጓሳ አለ። ጓሳን ካላወቅከው ና፣ ወፍጮ ቤት ቡና አፈላልሃለሁ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደንብ ሲጠብቀው የኖረ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አሉበት። የውጭ ተመራማሪዎች እዚያ ሲያጠኑ ቆይተው በፈረንጅ 2015 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እየተንጎራደደ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ይህን ዜና እንዳገኘሁ ሮጬ ወፍጮ ቤት መጣሁ። የጓሳ ዜና ነዋ! ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ማንም አልደነገጠም።

አንድ የሣር ማጨድ ወቅት ሲደርስ ጓሳ የሚወጣ ጎልማሳ፣ ጆንያውን እያሰረ «ጭላዳው ሣሩን ሲነቅል አይጧ ከጉድጓዷ ትደናገራለች። አሁን ይህ ዜና ነው?» አለኝ። ልብ አድርግ፣ ተመራማሪዎቹም ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል ብለው ከገመቱት አንዱ ይኸው ነው፦ ጭላዳው አይጧን ይረብሻታል፣ ወይም ቀበሮው መንጋው ውስጥ ሲሆን አይጧ አታውቅበትም። እነሱ ግን ቆጥረዋል። 67 እና 25 ማለትን ጎልማሳው አላወቀም፤ ቁጥሩን ስነግረው ቀና አለ፣ ደስ አለው። «ያን ያህል ይለያያል?» አለ። «ለካ ቀበሮው ሰነፍ ነው፤ የጭላዳውን ጉልበት ነው የሚበላው።»

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? አንዷ እናት ወደ ልጇ ዞር አለችና «ሰማህ? ቀበሮም ከሚሠራ ጋር ሲውል ነው የሚቀናው» አለችው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት ደርሶ አያውቅም፣ እኅቱን ነው የሚልካት።

ታዲያ ይህ አለማወቅ ነው? የግሳቱን ነገር የጠየቁት እናት ከብት እንዴት እንደሚያመሰኳ ከእኔም ከአንተም የበለጠ ያውቃሉ። የሚስቁት ስለገባቸው ነው። ያልገባውማ «ዋው» ብሎ ያልፋል።


ሳይንስ ለሁሉም (አዲስ አበባ)፦

የቀበሮውን አላውቅም ነበር። ጥሩ ነው። «ዋው» ያልሽው ግን እኔን ነው?


የወፍጮ ቤቷ፦

ኧረ በፍጹም 😄


የሸዋ ሮቢቷ፦

እኛ ቆላው ጋ ደግሞ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ቀልዱ ይመርራል። እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች። በፈረንጅ 2017 ሶፊያ የምትባለው ሮቦት ሳዑዲ ውስጥ ዜግነት ተሰጣት የተባለ ጊዜ፣ የጎረቤት ልጅ ቪዲዮውን አምጥቶ አሳያት። ሮቦቷ ፈገግ ትላለች፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ሰው ያጨበጭባል። እናቴ ሽንኩርቱን መላጥ አላቆመችም።

«ስንት ዓመት ሠርታ ነው የሰጧት?» አለች።

ምንም አልሠራችም፣ አሁን ነው የተሠራችው አልናት።

እኅቴ ዐረብ አገር ናት። ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። እናቴ ሽንኩርቱን አስቀመጠችና «እንግዲህ ለልጄም ባትሪ እንፈልግላት» አለች። የዚያን ቀን ሳቅን። ሽንኩርቱም ነበር።


ባለሙክቱ (ሞላሌ)፦

የበግ ነገር ሳይነሳ ሊያልፍ ነው? መንዝ ተነስቶ በግ ሳይነሳ?

አባቴ የዶሊን ዜና በሬዲዮ የሰማ ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ በኛ አቆጣጠር በ1989 መሆኑ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከአንዲት በግ ጡት ላይ ሴል ወስደው፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል ግልገል አስወለዱ ተባለ። ዶሊ የተወለደችው ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ይፋ የሆነው ያኔ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ስምንተኛው ሺህ!» አለ። ቄሱ አማተቡ። አባቴ ግን በግ አርቢ ነውና በግ አርቢ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ከእናቷ ትበልጣለች?»

«አትበልጥም። ቁርጥ እናቷን ናት።»

«ታዲያ ምን ሠሩ?»

አሁን ሳስበው የአባቴ ነገር ይገባኛል። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ የምንለፋው ግልገሉ ከእናቱ እንዲሻል ነው። ዛሬ እኛ ጋ አርሶ አደሩ ተሰብስቦ፣ የጥናት ባለሙያዎች የመዘኑትን አይቶ፣ ይህ አውራ ይቅር ይህ ይሸጥ እያለ የሚመርጥበት አሠራር አለ። ዳኝነቱን ብታዩ የሠርግ ሽምግልና ነው የሚመስለው። «ጭራው ጥሩ ነው፣ ግን እናቱ መንታ አትወልድም» ይባላል። እና አባቴ የነበረችውን በግ ድጋሚ ማምጣት ድካም ብቻ ነበር የመሰለው። በዚያ ላይ 277 ጊዜ ሞክረው አንዷ ናት የተሳካችው። ይህንን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለአባቴ ስነግረው ዘለግ ላለ ጊዜ ዝም አለና «አውራ በግ እኮ በአንድ ሌሊት ይጨርሰው ነበር» አለ።


የወፍጮ ቤቷ፦

😂😂 ባለሙክቱ፣ ይህን ጮክ ብዬ ላነበው አልችልም፣ እናቶች አሉ።

በነገራችን ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ የሃይማኖት ዕውቀት ያለው ይርዳኝ። ሑዳዴ ላይ ነው የተነሳው። በፈረንጅ 2013 ለንደን ውስጥ ማርክ ፖስት የሚባል የሆላንድ ተመራማሪ ከላም ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደገውን ሥጋ በርገር አድርጎ አስቀመሰ። አንዱ በርገር 250 ሺህ ዩሮ ገደማ ወጣበት። ላሟ አልታረደችም። ይህን ሳነብ የወፍጮ ቤቱ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ካልታረደ ሥጋ አይደለም፣ ስለዚህ የጾም ነው» አለ። ሌላው «ከላም ከመጣ ወተትም ሳይታረድ ነው የሚመጣው፣ ግን ፍስክ ነው» አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም ተስማምቶ የጠየቀው ነው፦ «ማን ባረከው? በማን እጅ ታረደ ተብሎ ይበላል?» እስካሁን አልተፈታም። መብራት በሄደ ቁጥር ይቀጥላል።


ዲያቆን ነኝ (ደነባ)፦

እኔ ሲኖዶስ አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ግን ወተት የጠቀሰው ወገን አሳማኝ ነው። መነሻው ላም ከሆነ ፍስክ ነው። ሌላም ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው በርገር ሴሎቹ እንዲያድጉ የተደረገው ካልተወለደ ጥጃ ደም በሚወጣ ፈሳሽ ነው። ዛሬ ያለዚያ የሚሠሩ አሉ፤ ያኔ ግን እሱ ነበር። ደም ደግሞ በጾምም በፍስክም አይፈቀድም። ስለዚህ በእኔ በኩል ለሑዳዴ ቀርቶ ለፋሲካም አላቀርበውም።

ይልቅ ጣዕሙ እንዴት ነበር ተባለ?


የወፍጮ ቤቷ፦

የቀመሱት ሰዎች ስብ የለውም፣ ይደርቃል ብለው ነበር።

ዛሬ መብራት ሄዶ ነበርና የዲያቆኑን መልስ አነበብኩላቸው። የቲቸርንም ነገርኳቸው። ባለበርኖሱ አባት «ወደ ዲዲሞስ በኩል» የምትለዋን ደጋግመው አስባሉኝ፣ ለሰፈር ሰው ሊነግሩ ነው። ሥጋውን በተመለከተ ግን የደሙን ነገር እንኳ ልብ አላሉትም። ስብ የለውም የሚለው ላይ ነው ያቆሙኝ።

«ጮማ የለውም?»

«የለውም አባባ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ታዲያ ምን ያከራክራችኋል፣» አሉ፣ «የጾም ነው።»